በሕፃንነቱ የተጠመቀ ሰው እንደገና ይጠመቅ ወይ? ክርክር

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የሉተራን እምነት በምትከተለው ቤተ ክርስቲያናችን፣ በመካነ ኢየሱስ ምእመናን መካከል ሁሌ ተነስቶ ሁሌ ሳይቋጭ የሚቀር ጉዳይ አለ። ዛሬ በግልጽ እንነጋገርበት። በአጥቢያችን ያደገች፣ ከመዘምራን ጋር የምታገለግል ልጅ ሌላ ቤተ እምነት ሄዳ እንደገና ተጠመቀች። አሁን ወደ አገልግሎቷ መመለስ ትፈልጋለች። እኔም ያለሁበት የሽማግሌዎች ጉባኤ ለሁለት ተከፍሏል። አንዳንዶቻችን «ለጊዜው ከአገልግሎት ትታገድ» እንላለን። ሌሎቻችን ደግሞ «ምን አጠፋች? በጌታ ስም እኮ ነው የተጠመቀችው» እንላለን።

እኔ ጥምቀት አይደገምም ባይ ነኝ። ኤፌሶን 4፥5 «አንድ ጌታ አንድ ሃይማኖት አንዲት ጥምቀት» ይላል። ልጅቷን ከመቅጣታችን በፊት ግን በሕፃንነቷ ያጠመቃት ጉባኤ ምን እንዳስተማራት ይጠየቅ። እስቲ እናንተ ምን ትላላችሁ?

ወጣቱ ዘማሪ፦
እኔም እንደሷ ሁለተኛ ጊዜ ተጠምቄያለሁ፤ አልደብቅም። የመጀመሪያውን የማውቀው እናቴ ስትነግረኝ ነው። ጌታን የተቀበልኩት ሃይስኩል ሆኜ ነው። መጽሐፉ «ያመነ የተጠመቀም ይድናል» ይላል፤ ማርቆስ 16፥16። መጀመሪያ ማመን፣ ከዚያ መጠመቅ። የሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ያለውን ጃንደረባ ተመልከቱ፣ የራሳችንን አገር ሰው። ኢሳይያስን እያነበበ ነው፤ ፊልጶስ ገለጠለት፤ ከዚያ በኋላ «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» አለ። ራሱ ጠየቀ እንጂ ማንም ተሸክሞ አላመጣውም። አንድ ሕፃን ይህን መጠየቅ ይችላል?

ቄሱ ከወለጋ፦
ልጄ፣ ጥያቄህ የቆየ ነው። ጃንደረባው ትልቅ ሰው ሆኖ ወንጌልን ሰማ፣ አመነ፣ ተጠመቀ። ትልቅ ሰው ሲመጣ እኛም አስተምረን ነው የምናጠምቀው። በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 16 ላይ ግን ልድያ ከቤተሰቧ ጋር፣ የወኅኒ ጠባቂውም ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ተጠመቁ። ጴጥሮስም በበዓለ ሃምሳ «የተስፋው ቃል ለእናንተና ለልጆቻችሁ» ብሏል። ቆላስይስ 2 ጥምቀትን ከግዝረት ጋር አያይዞ ያነሳል። ግዝረት ደግሞ በስምንተኛው ቀን ለሕፃን ይደረግ የነበረ ነገር ነው።

ዋናው ልዩነታችን ግን ሌላ ነው። አንተ ጥምቀትን ሰው ለእግዚአብሔር የሚሰጠው ምስክርነት አድርገህ ታየዋለህ። በሉተራን እምነት ግን ጥምቀት እግዚአብሔር ለሰው የሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ1530 የቀረበው የሉተራኖች ዋና የእምነት መግለጫ፣ የአውግስበርግ የእምነት መግለጫ፣ አንቀጽ 9 ሕፃናት ይጠመቁ የሚለው በጥምቀት የእግዚአብሔር ጸጋ ይቀርባል ብሎ ስለሚያምን ነው። እምነት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ማርቲን ሉተር በትንሹ ካቴኪዝም፣ በአጭሩ የእምነት ማስተማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ውሃው ብቻውን ምንም እንደማያደርግ ጽፏል። የሚሠራው ከውሃው ጋር ያለው የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ ያንን ቃል የሚይዘው ደግሞ እምነት ነው። ስለዚህ ኋላ አምነህ ከሆነ፣ ያመንከው ያኔ የተሰጠህን ነው። እግዚአብሔር የገባውን ቃል ካላጠፈ እንደገና የምትጠመቀው ለምንድን ነው?

እናት ከአዲስ አበባ፦
ቄስ፣ ያሉት ደስ ይላል። ግን አንድ ነገር ልናገር። የባለቤቴ ቤተሰብ ኦርቶዶክስ ናቸው። ልጄ ስትወለድ አማቴ «ሰማንያ ቀኗ ሳያልፍ ክርስትና ትነሳ» ብለው ጨነቃቸው። እኛ አጥቢያ ውስጥ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠመቀች ስላቸው መጡ፤ አብረውን ቆሙ፤ ቤታችንም ገብተው አብረን በላን። የሕፃናት ጥምቀት ዘመድን አቀራርቧል፣ አልዋሽም። ግን በጉባኤው ፊት «በእምነት አሳድጋታለሁ» ብዬ ቃል ስገባ፣ ጉባኤውም አብሮ ቃል ገብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የጥምቀት የምስክር ወረቀት ተሰጠን፤ በዚያው ቀረ። ማንም መጥቶ «ልጅቷ እንዴት ናት? ምን እያስተማራችኋት ነው?» አላለንም።

የመሠረተ ክርስቶስ ወንድም፦
በእንግድነት ልግባ። እኔ የመሠረተ ክርስቶስ ልጅ ነኝ፤ ሥራችን ሜኖናይት ነው፤ ያመነ ብቻ ይጠመቅ የምንል ወገን ነን። አባቶቻችን እ.ኤ.አ. በ1525 ዙሪክ ላይ አምነው ሲጠመቁ ዋጋ ከፍለዋል። ከእነሱ አንዱ ፊሊክስ ማንዝ ከሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ዙሪክ ወንዝ ውስጥ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈረደበት። በሉተራን ግዛቶችም ብዙዎች ተሰደዋል፣ ተገድለዋል። የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ሽቱትጋርት ላይ ለዚያ ስደት ሜኖናይቶችን ይቅርታ ጠይቋል። መካነ ኢየሱስም የዚያ ፌዴሬሽን አባል ናት። ይህን የማነሳው ቂም ይዤ አይደለም። ልጅቷን በቅጣት ስትነኳት ታሪኩን አስቡ ለማለት ነው። በእኛ ትምህርት ሳያምኑ የተደረገ ጥምቀት ጥምቀት ስላልሆነ እሷ ሁለቴ አልተጠመቀችም። እኛ ሕፃኑን በጉባኤ ፊት አቅርበን እንባርከዋለን፤ ጥምቀቱን አምኖ እስኪጠይቅ እናቆይለታለን።

ከቤቴል ወገን፦
የኛ መነሻ ፕሬስቢቴሪያን፣ ሌላ የፕሮቴስታንት ወገን ነው፤ ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሃድነው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ስለ ጌታ እራት አባቶቻችንና ሉተራኖቹ የማይስማሙበት ነገር ነበር። በሕፃናት ጥምቀት ግን አንድ ነን። የኪዳን ልጆች ኪዳኑን ከማወቃቸው በፊት በኪዳኑ ውስጥ ናቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፦
የመሠረተ ክርስቶሱ ወንድሜ፣ ስለ ስደቱ ያልከው እውነት ነው፤ ይቅርታውም ተገቢ ነበር። ይቅርታ የተጠየቀው ግን ስለተፈጸመው ግፍ ነው። ሉተራኖቹ ስለ ጥምቀት ያላቸውን እምነት አልተዉም። ሁለቱን አንቀላቅል።

አሁን ወጣቱ ወንድሜን ላናግርህ። ትንሹ ካቴኪዝም ለምን እንደተጻፈ ታውቃለህ? እ.ኤ.አ. በ1528 ሉተር በሳክሶኒ ያሉትን አጥቢያዎች ዞሮ አየ። ሕዝቡ ሁሉ ተጠምቋል፤ ይቆርባል። ግን «አባታችን ሆይ»ን የማያውቅ ሞልቷል። አሥርቱን ትእዛዛት የማያውቅ ሞልቷል። ማስተማር የማይችሉ ቄሶችም ነበሩ። ሉተር በጣም አዘነ። ታዲያ ምን አደረገ? «ጥምቀታችሁ አይቆጠርም፣ ኑና እንደገና ላጥምቃችሁ» አላለም። በሚቀጥለው ዓመት አንዲት ትንሽ መጽሐፍ ጻፈላቸው። የቤት አባወራ ለልጆቹና ለሠራተኞቹ በቀላሉ እንዲያስተምርባት ብሎ ነው ያዘጋጃት። ያለ ትምህርት የተተወ ጥምቀት ያኔም ነበር፤ መፍትሔው ያኔም ማስተማር ነበር።

በእኛም አገር አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 ከማሳተማቸው በፊት፣ በ1894 የማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመው ነበር። ሰው አንብቦ እንዲረዳ ፈልገው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እ.ኤ.አ. በ1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት 20,000 ገደማ ምእመናን ነበሯት። ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ነን። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የሚበቃ አስተማሪ አለን? በኛ አጥቢያ የለም። ለኳየር ልብስ ገንዘብ እናሰባስባለን፤ ድምፅ ማጉያ እንገዛለን። ልጆች አድገው እምነታቸውን በጉባኤ ፊት እንዲመሰክሩ የሚያዘጋጀው ትምህርት ግን አስተማሪ ጠፋ ተብሎ ይዘለላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው! ልጅቷ ውሃ ፍለጋ የሄደችው ማንም ስለ መጀመሪያው ውሃ ስላልነገራት ነው።

ወጣቱ ዘማሪ፦
እህቴ፣ ስለ ትምህርቱ ያልሽው ልክ ነው። እኔም ያንን ካቴኪዝም በእጄ ይዤው አላውቅም። ግን ከውሃው ስወጣ የተሰማኝን ደስታ ማንም ሐሰት ሊለው አይችልም።

ቄሱ ከወለጋ፦
ደስታህን አልነካም ልጄ። እኔ ራሴ በመንፈስ ቅዱስ እንቅስቃሴ ውስጥ ያደግኩ ነኝ፤ የሚያለቅስና እጁን የሚያነሳ ጉባኤ አይከብደኝም። የሚያሳስበኝ ነገው ነው። ደስታው የሚቀዘቅዝበት ቀን ይመጣል፤ በሁላችንም ላይ መጥቷል። ያን ቀን «በእውነት አምኜ ነበር ወይ?» ብለህ ስትጠራጠር ሦስተኛ ልትጠመቅ ነው? ሉተር ሲጨነቅ «ተጠምቄያለሁ» ብሎ ይጽናና ነበር። የተደገፈው እግዚአብሔር ባደረገለት ነገር ላይ ነው። እኔም በደርግ ዘመን ቤተ ክርስቲያናችን ሲዘጋ ምንም ደስታ አልተሰማኝም። ጥምቀቴ ግን አልተዘጋም።

የመዘምራን አስተባባሪ፦
ልጅቷን አውቃታለሁ። ካገድናት ትሄዳለች፤ ከሷ ጋር ጓደኞቿም ይሄዳሉ። በቃ።

ሌላው ሽማግሌ፦
ዝም ብለን ከመለስናትም ነገ ሌሎች ይከተሏታል። ያኔ የሕፃናት ጥምቀት በሥርዓት መጽሐፋችን ብቻ ይቀራል፤ በተግባር ማንም አያምንበትም። ቅጣት ባይሆን እንኳ ጉባኤው ምን እንደሚያምን ይነገር እንጂ።

የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪዋ፦
ይነገር፤ እስማማለሁ። ከቄሳችን ጋር ተቀምጣ ስለ ጥምቀት ትማር፣ ጥያቄዋን ሁሉ ትጠይቅ፣ መዝሙሯን ግን አታቋርጥ። እናቲቱም ልክ ናት፦ ቃል የገባው ወላጅ ብቻ አይደለም፣ ጉባኤውም ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሁለት አጀንዳ አብሮ ይያዝ። አንዱ የልጅቷ ጉዳይ ነው። ሌላው በዚህ ዓመት ልጆቻቸውን ያስጠመቁ ቤተሰቦችን ማን እንደሚጎበኝ፣ የወጣቶቹን ትምህርትም ማን እንደሚይዝ ነው። የልጅቷ ጉዳይ ብቻውን ከቀረበ እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ አልፈርምም።