የ«ስኬት» ዶክመንተሪ ፕሮፖዛል፣ ረቂቅ 3 (በግሩፑ አስተያየት እስከ ዓርብ ብቻ)

ሊቀመንበሩ፦ ረቂቅ 3 ይኸው። 20 ደቂቃ፣ ስኬትቦርድ የሚነዱት ልጆች። 14 አባል በ3,000 ብር 42,000፣ የቀረውን ከድርጅቱ እንጠይቃለን። ማስገቢያው ሰኞ ነው። እንደ ለገሃሩ ፊልማችን እንዳይሆን አሁን ተናገሩ፣ ኋላ አልሰማም

ገንዘብ ያዥ፦ 14 አይደለም። የከፈለው 6 ነው። ስም አልጠራም

ኤዲተሯ፦ እኔ ከፍያለሁ። ገጽ 2 ላይ «ከሱስና ከወንጀል የተላቀቁ ወጣቶች» የሚለውን ማነው የከተተው? መቼ ገቡና ነው የተላቀቁት? ሲኒማ ቤት የሚታየውን የምንሳደበው ድሬድ ያለው ልጅ ሁሌ ቦርሳ ነጣቂ ስለሚሆን አይደል እንዴ

ሊቀመንበሩ፦ ድርጅቱ እንደዛ ሲባል ይወዳል

ድምፅ፦ እሱን ተዉትና ርዕሱስ? «ስኬት» ተብሎ ፖስተር ቢለጠፍ ማን ስኬትቦርድ ነው ይላል? እናቴ አይታው «በስንት ወር ነው የሚያስመርቁት» አለችኝ

ሊቀመንበሩ፦ እሱ እኮ ነው ቅኔው። ሰምና ወርቅ

ድምፅ፦ እና ፖስተሩ ስር ቆመህ ልትፈታላቸው ነው?

ካሜራ 2፦ «ዱርዬ» ይባል በቃ

ነባር አባል፦ የምን ዱርዬ? እኛ ጎፈሬ አሳድገን ቤልቦተም ስንለብስ አባቴ በዚሁ ስም ነበር የሚጠራኝ። እኔ ደግሞ በሰው ልጅ ላይ አልለጥፍም

ካሜራ 2፦ ጋሼ አሁን እኮ ልጆቹ ራሳቸው በቀልድ ይባባሉበታል

ነባር አባል፦ እነሱ ይባባሉ። አንተ ማነህ?

ከዲሲ፦ ዱርዬ ነው ዱሪዬ? ፖስተር ላይ እንዳንሳሳት

ኤዲተሯ፦ 😑

ካሜራ 1፦ እናንተ ርዕስ ላይ ተጋደሉ፣ እኔ ቅዳሜ ስኬት ፓርኩ ሄጄ ነበር። ያ በ2008 ዓ.ም. የውጭና የአገር ውስጥ በጎ ፈቃደኞች ኮንክሪቱን ያፈሰሱት ማለት ነው። ቦርዱ አብዛኛው ከውጭ በሻንጣ የመጣ ነው፣ ሲሰበር ምትክ የለም። አንዱ ልጅ ኦሊ (ከነቦርዱ መዝለል) ሲዘል የሚፈገፈገው የጫማው ጎን አልቆ በካላማዳሪ ለጥፎታል፣ ማስቲሹ ገና አልደረቀም፣ ጫማውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ በካልሲ ተቀምጦ ሌሎቹን ያያል፣ አስር ደቂቃ ዝም ብዬ እሱን ቀረፅኩ። ፊልሙ እሱ ነው። ግን ከቁመታችን ላይ ከቀረፅነው ዜና ይመስላል፣ ካሜራው ከጎማው እኩል ወርዶ ከኋላ መንዳት አለበት፣ እኔ ደግሞ ቦርድ አልችልም፣ አንዱ ልጅ እየነዳ ይያዘው። ሰፊው ሌንስ የግድ ነው

ካሜራ 2፦ ጥቁርና ነጭ እናድርገው። «ፋያ ዳዪ»ን እዩት፣ በፈረንጆቹ 2021 ሰንዳንስ ፊልም ፌስቲቫል የገባው፣ ሐረር፣ ጫት፣ ወጣቶች፣ አንድም ሰው ሳይሰብክ

ኤዲተሯ፦ እሱ የጫቱ ምርቃናና ጭጋጉ ነው በጥቁርና ነጭ ያማረው። የኛ ልጆች ቦርዳቸውን በአምስት ቀለም ቀብተውት ግራጫ ልታደርገው?

ድምፅ፦ ርዕሱ አልተወሰነም

ሊቀመንበሩ፦ ድምፅ አንተ ከለገሃሩ ጀምሮ ነገር ማንጠልጠል ልማድህ ነው

ድምፅ፦ የለገሃሩ ሃርድ ዲስክ ማን እጅ ነበር የጠፋው? ላውራው?

ሊቀመንበሩ፦ …

ነባር አባል፦ ተዉ ልጆች። «ጎማ» በሉትና ይለቅ

ድምፅ፦ እሺ ይቅርታ፣ ትንሽ በዛ። «ጎማ» ግን የመኪና ነው የሚመስለው

ገንዘብ ያዥ፦ ሌንሱን አመጣለሁ ያለው ልጅ ማክሰኞ ግሩፑን ለቋል። ኪራዩን ደግሞ ጠይቄያለሁ አንችለውም

ሊቀመንበሩ፦ ስሙኝማ፣ ከድርጅቱ ደውለውልኝ ነበር። ቅፁ ላይ «ስንት ወጣት ይሰለጥናል» የሚል አለ፣ ዜሮ ካልን አያዩንም። 3 ቀን የቪዲዮ ስልጠና ለ30 ወጣት፣ መጨረሻ ቀን 5 ደቂቃ ፊልም ይታያል። ርዕሱ ባለበት ይቆይ፣ ለስልጠና ይሄዳል

ኤዲተሯ፦ ስልጠናውን ማን ይሰጣል?

ካሜራ 2፦ እኔ ያን ሳምንት ሰርግ ቀረፃ አለብኝ

ገንዘብ ያዥ፦ አዳራሽ፣ ሻይ ቡና፣ ሰርተፊኬት ህትመት። 42,000 አይበቃም፣ ያውም 6 ሰው ነው የከፈለው

ካሜራ 1፦ ልጆቹ ደውለው ነበር፣ ቅዳሜ ትመጣለህ ወይ እያሉ። ያኛው ጫማው ደርቆለታል። ምን ልበላቸው?

ከዲሲ፦ ሰርተፊኬቱ ላይ ስም በእንግሊዝኛም ይኑር እንዴ?