ለቀበሮም ለአጋዘንም የሚሆን፣ አስተማማኝና ዋጋው የማይከብድ ጠመንጃ የቱ ነው?

ጀማሪ አዳኝ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የአደንና የጦር መሣሪያ ፈቃዴ ተጠናቆ እጄ ገብቷል፤ አሁን የቀረኝ ጠመንጃውን መምረጥ ነው። እስካሁን በመለማመጃ ሥፍራ የተኮስኩት በ.22 ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ከፍ ያለ ጥይት የሚጎርስ መሣሪያ ኖሮኝ አያውቅም። የማድነው በአመዛኙ ግልገልና ዶሮ የሚፈጁ ቀበሮዎችን ሲሆን፣ ወቅቱ ሲፈቀድ ደግሞ አጋዘን አድናለሁ። አጋዘኖቹ ሮ የሚባሉት ትንንሾቹና መካከለኞቹ ናቸው፤ ግዙፉን ቀይ አጋዘን ገና አላሰብኩትም። ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ150 ሜትር አይዘልም፤ ሰዓቱ ግን ሁልጊዜ ማለት ይቻላል፣ ጎሕ ሲቀድ ወይም ሲመሻሽ ነው።

ሁለት ጠመንጃ የመግዛት አቅም የለኝም። አንዱ ሻጭ .223 ለቀበሮ ከበቂ በላይ ነው፣ ትንሹንም አጋዘን ይጥላል ይለኛል፤ ሌላው ደግሞ .308 ካልያዝክ ለአጋዘን አትውጣ ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት መደርደሪያቸው ላይ ያለውን ለማራገፍ መስሎኛል። ለሁለቱም እንስሳት የሚሆነው ካሊበር (የጥይቱ ውፍረት ልክ) የትኛው ነው? ዋጋው ሳይከብድ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ጠመንጃስ የቱ ነው? ያገለገለ መግዛት ያዋጣል ወይስ ያስቆጫል?


የዱር መንገድ፦

እንኳን ደስ አለዎት። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ጠመንጃ የሚመረጠው ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ ነው፣ ጥይቱ ደግሞ የሚመረጠው ሕጉ ከታየ በኋላ ነው። ብዙ ሰው በተገላቢጦሹ ሄዶ የማይጠቀምበት መሣሪያ ይታቀፋል። በእንግሊዝና በዌልስ፣ ከጥቂት ትንንሽ ዝርያዎች በቀር፣ አጋዘን የሚተኮስበት ጠመንጃ ካሊበሩ ከ0.240 ኢንች፣ የአረሩም ጉልበት ከአፈሙዝ ሲወጣ ከ1,700 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ2,305 ጁል ገደማ ማነስ የለበትም። በጀርመን ደግሞ ለሮ አጋዘን በ100 ሜትር ላይ 1,000 ጁል ይበቃል፤ ከዚያ ለሚበልጡት ሰኮናማ እንስሳት ግን ካሊበሩ ቢያንስ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ ጉልበቱም በ100 ሜትር ላይ ቢያንስ 2,000 ጁል መሆን አለበት። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ባለ 55 ግሬኑ (ግሬን የአረር ክብደት መለኪያ ነው) .223 ከአፈሙዝ ሲወጣ 1,740 ጁል ገደማ ስለሚኖረው፣ ያው አንድ ጠመንጃ በአንዱ አገር ሮ አጋዘን ሲያስተኩስ በሌላው ያስከስሳል። ስለዚህ እርስዎ በሚያድኑበት አገር የተጻፈውን ደንብ ሳያነብቡ አንድም ሱቅ አይግቡ።

ሕጉ የሚፈቅድልዎ ከሆነ፣ ለገለጹት ሥራ የእኔ ምርጫ .243 ዊንቸስተር ነው። ይህ ጥይት የ.308ን ቀለህ አንገት ወደ 6 ሚሊ ሜትር አጥብቦ የተሠራ ሲሆን ገበያ የወጣው በ1955 ነው፤ በመሆኑም ጥይቱን የማይሸጥ የአደን መደብር እምብዛም አይገኝም። ከ55 እስከ 105 ግሬን የሚደርሱ አረሮች ስለሚሠሩለት ለሁለቱም እንስሳት ይመቻል፤ ቀላሉና ፈጣኑ ለቀበሮ፣ 100 ግሬን ገደማ የሆነው ለአጋዘን። ባለ 100 ግሬኑ በሰከንድ 900 ሜትር ገደማ ፈጥኖ 2,600 ጁል ያህል ተሸክሞ ይወጣል። ትከሻ ላይ የሚያሳርፈው ምት ደግሞ ክብደቱ ተመሳሳይ በሆነ ጠመንጃ ከሚተኮሰው .308 ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከ.22 ለሚነሣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምት የሚፈራ ተኳሽ ቃታውን ሲስብ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውንም ይሸሻል፣ ከዚያ በኋላ የጠመንጃው ጥራት ምንም አይፈይድለትም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልናገር። ለቀበሮ የተሠራውን ስስ ሽፋን ያለውን አረር ወደ አጋዘን እንዳይተኩሱ። ይህ አረር ገላ እንደነካ ተፈረካክሶ እንዲያልቅ ታስቦ የተሠራ ነው፤ የአጋዘን ትከሻ አጥንት ሲያገኘው ላዩን ሰፊ ቁስል ከፍቶ ሳንባው ጋ ሳይደርስ ይበተናል፣ እንስሳውም ቆስሎ ያመልጣል። ሙሉ በሙሉ በብረት የተሸፈነው የወታደር ዓይነት ጥይትም ሳይሰፋ ቀዳዳ ብቻ አበጅቶ ስለሚያልፍ ለአደን አይሆንም፤ በብዙ አገሮችም ክልክል ነው።

ወደ ጠመንጃው ስንመጣ እዳው ገብስ ነው። በእጅ ተከፍቶ የሚዘጋ ባለ ቦልት ጠመንጃ ይያዙ፤ የሚበላሽበት ክፍል ጥቂት ነው፣ ለማጽዳትም አያስቸግርም። በመካከለኛው የዋጋ እርከን የፊንላንዱ ቲካ ቲ3ኤክስ ቦልቱ እንደ ቅቤ የሚንሸራተት፣ ቃታውም ከሳጥኑ ሲወጣ ጀምሮ ጥሩ የሆነ መሣሪያ ነው። ከእሱ ዝቅ ባለ ዋጋ የሚገኘው የጃፓኑ ሆዋ 1500 ከበድ ይላል እንጂ ጠንካራ ነው፤ ተራራ ለማይወጣ ሰው ክብደቱ እንዲያውም ምቱን ያለዝብለታል። ከዚያም የሚረክሰው የሰርቢያው ዛስታቫ ኤም70 ነው፤ አሠራሩ የ1898ቱን ማውዘር የተከተለ ሲሆን፣ አጨራረሱ ሻካራ ቢሆንም የተኮሱበትን ቀለህ ነክሶ የሚያወጣበት ጥርሱ ትልቅና አስተማማኝ ነው። በዛሬ ጊዜ ከእነዚህ አንዱም ቢሆን በደህና ጥይት በ100 ሜትር ላይ ሦስት ጥይት በ3 ወይም በ4 ሴንቲ ሜትር ክብ ውስጥ አይሰበስብም ለማለት ይከብዳል። የቀበሮ ልብና ሳንባ ያለበት ሥፍራ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር፣ የአጋዘኑ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን ከዚያ የበለጠ ጥራት ፍለጋ ገንዘብ መጨመር አጉል ነው።

ገንዘቡ መሄድ ያለበት መነጽሩ ላይ ነው። የሚያድኑት ሲነጋና ሲመሽ እንደሆነ ነግረውናል፤ በዚያ ሰዓት ውድ ጠመንጃ ላይ የተጫነ ርካሽ መነጽር አጋዘኑን ከቁጥቋጦው አይለይልዎትም። የፊት መስተዋቱን ስፋት በማጉያው ሲያካፍሉ ለዐይንዎ የሚደርሰውን የብርሃን ክብ ስፋት ያገኛሉ፤ ባለ 6 በ42 መነጽር፣ ማለትም 6 ጊዜ የሚያጎላውና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነው፣ 7 ሚሊ ሜትር ሲሰጥ፣ ከ3 እስከ 9 በ40 የሆነው በ9 ላይ ሲውል 4.4 ብቻ ይሰጣል። ለምሽት ማጉያው የማይለዋወጠው 6 በ42 ይሻላል፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ይቀላል።


ባለ ሠረገላ፦

የዱር መንገድ በጻፉት በአብዛኛው እስማማለሁ፤ በካሊበሩ ላይ ግን አልስማማም። .243 ቀበሮ ላይ ግሩም ነው፣ ሮ አጋዘን ላይም እንደዚሁ። ነገር ግን ጠያቂው ቀዩን አጋዘን "ገና አላሰብኩትም" ነው ያሉት እንጂ "አላስበውም" አላሉም። ሮ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ግራም ቢመዝን ነው፤ ወንዱ ቀይ አጋዘን ግን 200 ኪሎ ግራምም ሊደርስ ይችላል። ለዚያ 6.2 ሚሊ ሜትር የሆነ አረር በጀርመን ጭራሽ ሕገ ወጥ ነው፤ ሕጋዊ በሆነበትም ቢሆን ተኳሹ ለስሕተት የሚተርፈው ቦታ የለውም። ሌላ ጠመንጃ ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ደግሞ ከወዲሁ ሰፋ አድርጎ ማሰብ አለበት።

ስለዚህ በ2007 የወጣውን 6.5 ክሪድሙር ወይም አንጋፋውን .308 እንዲያዩ እመክራለሁ። ክሪድሙሩ በ140 ግሬን አረር 3,100 ጁል ገደማ ይዞ ይወጣል፤ ምቱ ከ.243 ከፍ፣ ከ.308 ዝቅ ያለ ነው። .308 ደግሞ የተለማመጃ ጥይቱ ርካሽ ነው፣ አፈሙዙም ቶሎ አይበላም፤ .243 በጠባብ አፈሙዝ ብዙ ባሩድ ስለሚያቃጥል የጥይት መነሻው አካባቢ ቀድሞ ይጎዳል። ቀበሮ ሥጋው ስለማይበላ ጥይቱ በዛበት የሚባለው ነገር አያሳስብም። የሚያሳስበው ከቀበሮው ኋላ ያለው ነው፤ ከበድ ያለ አረር ትንሿን ገላ በስቶ ሲወጣ ገና ብዙ ጉልበት ስለሚቀረው፣ ከኋላው አፈር ወይም ኮረብታ ሳይኖር ቃታ አይሳብም። ይህ ለ.243ም ቢሆን አይቀርም፤ ወደ ሰማይ የተለቀቀ የአደን አረር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል።


ጠጋኙ፦

ስለ ያገለገለ ጠመንጃ ለጠየቁት ልመልስ፤ ሥራዬ እሱ ነውና። ያዋጣል፤ የአዳኝ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ከሳጥን የሚወጣው በዓመት ጥቂት ቀን ስለሆነ፣ ሰደፉ የተቧጨረ ሁሉ ያረጀ ማለት አይደለም። እንዲያውም የሰደፉ ቧጨራ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅምዎታል።

መጀመሪያ ቦልቱን ከፍተው ካዝናውንም የጥይት ጉርሻውንም በዐይንና በጣት ፈትሸው ባዶ መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ ቦልቱን አውጥተው በላዩ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው አካል ቁጥር ጋር ይገጥም እንደሆነ ይመልከቱ፤ የሁሉም ሠሪ መሣሪያ በቦልቱ ላይ ቁጥር ባይኖረውም፣ ኖሮ ካልገጠመ የመዝጊያው ልክ በባለሙያ ሳይለካ አይተኮስበትም። አፈሙዙን ወደ ብርሃን አዙረው ከኋላ በኩል በውስጡ ይመልከቱ። ጠመዝማዛው ጥርብ እስከ ጫፍ ድረስ ጠርዙ ሹል ሆኖ መታየት አለበት። ጥቁር ነጠብጣብ የሚመስል ነገር ካዩ፣ በዘይት የራሰ ጨርቅ ያሳልፉበት፤ ቆሻሻ ከሆነ ይለቅቃል፣ ዝገት የበላው ጉድጓድ ከሆነ ግን እዚያው ይቀራል። ይህ ጉዳት በተለይ አፈሙዙ ጫፍ አካባቢ ይበዛል፤ ምክንያቱም ብዙ አዳኞች የድምፅ መቀነሻውን ሳይፈቱ ጠመንጃውን ወደ ሣጥኑ ስለሚመልሱት፣ በተኩሱ የተፈጠረው እርጥበት እዚያው ተዘግቶ ያድራል።

የአፈሙዙን ጫፍ ክብ በጣት ጥፍር ዙሪያውን ይዳስሱ። ትንሽ ስንጥቅ ወይም ጭረት ቢነካዎት አረሩ ሲወጣ ጋዙ በአንድ ወገን ቀድሞ ስለሚያመልጥ ዒላማው ይበተናል፤ ይሁንና በቀላሉ ተቆርጦ ስለሚስተካከል ለዋጋ ድርድር እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ከዚያ ባዶ መሆኑን ደግመው አይተው ቦልቱን ይዝጉ፤ የደኅንነት ቁልፉን አስገብተው ቃታውን ጠበቅ አድርገው ይሳቡ፣ ይልቀቁና ቁልፉን ይመልሱ። ቁልፉን በመለሱበት ቅጽበት መርፌው ከመታ ጠመንጃው አደገኛ ነው፤ ዋጋው ምንም ቢወርድ ጥለውት ይውጡ።

በርካሽ አዲስ ጠመንጃዎችም ላይ አንድ የምፈትሸው ነገር አለ። ቀጭን ወረቀት በአፈሙዙና ከሥሩ ባለው የሰደፉ ፊተኛ ክፍል መካከል አስገብቼ ወደ ኋላ አንሸራትታለሁ። ፕላስቲኩ ሲጫኑት እየታጠፈ አፈሙዙን የሚነካ ከሆነ፣ በክንድ ደግፈው ሲተኩሱና በጆንያ ላይ አስደግፈው ሲተኩሱ ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይለያያል።


ጀማሪ አዳኝ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ደንቡን አንብቤ .243 ለማድናቸው አጋዘኖች እንደሚፈቀድ አረጋግጫለሁ፤ የባለ ሠረገላ ክርክር ውኃ የሚያነሣ ቢሆንም፣ ቀዩን አጋዘን የማደንበት መሬት ስለሌለኝ በዚሁ እወስናለሁ። ያገለገለ ሆዋ 1500 አግኝቻለሁ፤ ጠጋኙ እንደጻፉት አየዋለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ። ለቀበሮና ለአጋዘን የተለያየ ክብደት ያለው አረር የምጠቀም ከሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ነጥብ ላይ ያርፋሉ? ወይስ በየጊዜው መነጽሩን ላስተካክል?


የዱር መንገድ፦

አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ነጥብ አያርፉም። የፍጥነታቸው ልዩነት ብቻ ሳይሆን አፈሙዙ በተኩስ ጊዜ የሚርገበገብበት ሁኔታም ስለሚለያይ፣ ባለ 58 ግሬኑ ከባለ 100 ግሬኑ ከፍ ብሎ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ሊያርፍ ይችላል። መነጽሩን በአጋዘኑ ጥይት በ100 ሜትር ላይ ያስተካክሉ፤ ከዚያ መነጽሩን ሳይነኩ የቀበሮውን ጥይት በዚያው ወረቀት ላይ ይተኩሱና ልዩነቱን ይለኩ። አፈሙዙ በእያንዳንዱ ዙር መካከል ይቀዝቅዝ፤ በሞቀ አፈሙዝ የተገኘ ልኬት ጎሕ ሲቀድ ለሚተኮሰው የመጀመሪያ ጥይት አያገለግልም። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በእርስዎ ርቀት ይርሱት። ከበለጠ ግን፣ ለሁለቱም እንስሳት ያንኑ ባለ 95 ወይም ባለ 100 ግሬን ጥይት ይጠቀሙ ነው ምክሬ፤ ቀበሮው ልዩነቱን አያውቀውም፣ እርስዎም በጨለማ ኪስዎ ውስጥ የትኛው ጥይት እንደገባ አይጨነቁም።


ጠጋኙ፦

በዚህ እስማማለሁ፣ አንድ ብቻ ልጨምር። ሆዋው አፈሙዙ ጫፍ ላይ መቀነሻ የሚጠመዘዝበት ጥርስ የወጣለት ከሆነ የድምፅ መቀነሻ ሕጋዊ እንደሆነ ያጣሩ፤ ከሆነ ከውድ ማሰሪያ ቀበቶ በፊት እሱን ይግዙ። ያለ መቀነሻ የዚህ ጠመንጃ ድምፅ ለጆሮ አደገኛ ከሚባለው ከ140 ዴሲቤል በእጅጉ ይበልጣል፤ መቀነሻው ከ20 እስከ 30 ያህል ቢያወርደውም የጆሮ መከላከያዎን አያውልቁ። መቀነሻው ከገባ በኋላ ደግሞ መነጽሩን እንደገና ያስተካክሉ፤ በአፈሙዙ ጫፍ የተጨመረው ክብደት ጥይቱ የሚያርፍበትን ቦታ ይለውጠዋልና። ቤት ሲደርሱም ፈትተው ለየብቻ ያድርቁት።