ክርክር፦ «ያልተጻፈ እራት እንዳልተበላ ይቆጠራል» ተባለ እንዴ?

ዝም ብለህ ብላ፦
«የእራት ደብተር» የሚባለው አባላችን ትናንት የጻፈውን አይታችኋል? የቤቱንም የሬስቶራንቱንም ምግብ በየቀኑ እየመዘገበ እንደሚለጥፍ ታውቃላችሁ። ይለጥፍ፣ የከለከለው የለም። ትናንት ግን ምን አለ? «የበላውን የማይጽፍ ሰው ምን እንደሚበላ አያውቅም። ያልተጻፈ እራት እንዳልተበላ ይቆጠራል።» እኔ ማታ በልቻለሁ። ጠግቤም ተኝቻለሁ። አልጻፍኩም። ታዲያ ሆዴ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከሥሩ ደግሞ የአንድ ሬስቶራንት ስም ጠርቶ «ሆዴን ያመመኝ እነሱ ጋ የበላሁት ነው፣ እንዳትሄዱ» ብሏል። ማስታወሻ መያዝ ሌላ፣ በሰው እንጀራ መግባት ሌላ።

የእራት ደብተር፦
አለሁ፣ በሌለሁበት እንደምታማኝ አታውራ። ቃሌን አላጥፍም። ሰው የበላውን ይረሳል። ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ምሳ ምን በላህ? እስኪ ሳትዋሽ መልስ። አታውቀውም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የተባለው ዝም ብሎ አይደለም።

ሽንኩርት ላጭ፦
ይወረሳል? ልጆችህ ሲካፈሉ «ቤቱ ለአንተ፣ የማክሰኞ ምሳ ለአንቺ» ሊባባሉ ነው? ኪኪኪ።

ዝም ብለህ ብላ፦
የማክሰኞውን አላስታውስም። ለምንስ አስታውሳለሁ? ራበኝ፣ በላሁ፣ አለፈ። አንተ ግን ጥያቄዬን ዘለልከው። እንዳልተበላ ይቆጠራል ብለሃል። ቆጣሪው ማነው?

ነርሷ፦
ኧረ ቀስ በሉ። ሥራዬ ከዚህ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ልናገር። ደብተሩ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ 1,700 ያህል ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ወጥቶ ነበር። ክብደት ለመቀነስ ከሞከሩት መካከል የበሉትን በየቀኑ የጻፉት ምንም ካልጻፉት እጥፍ ያህል ቀንሰዋል። ሆዱን የሚያመው ሰው መጥቶ ምን በላህ ሲባል «የተለየ ነገር አልበላሁም» ነው የሚለው። ሁሉም እንዲህ ነው የሚለው። ደብተር ያለው ግን ገልጦ ያሳያል። ወተት የጠጣበት ቀንና ሆዱ የተነፋበት ቀን ጎን ለጎን ይታያል። ስለዚህ ዝም ብሎ ማጣጣል ልክ አይደለም።

የእራት ደብተር፦
ይኸው! ባለሙያ ተናገረች። ሌላ ጥያቄ ያለው?

ነርሷ፦
ቆይ፣ አልጨረስኩም። ሰው ሲጽፍም ያሳንሳል። እ.ኤ.አ. በ1992 በታተመ ጥናት «ትንሽ እየበላን ክብደታችን አልቀንስ አለ» ያሉ ሰዎች ተመርምረው ነበር። የበላነው ብለው ያስመዘገቡት በእርግጥ ከበሉት በአማካይ 47 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ድስቱን ሲያማስሉ የቀመሱት፣ ከልጅ ሳህን ላይ ያነሱት አይጻፍም። ስለዚህ ያልተጻፈ እንዳልተበላ የሚቆጠረው ደብተር ላይ ነው። ወገብ ላይ አይሠራም።

ሽንኩርት ላጭ፦
«ወገብ ላይ አይሠራም»! ይቺን ማቀዝቀዣዬ በር ላይ እለጥፋታለሁ።

ባለ ድስቱ፦
እኔን ያናደደኝ የሬስቶራንቱ ነገር ነው። ምድጃ ላይ የምውል ሰው ነኝ። እንግዳው አንድ ቀን ይመጣል። ያን ቀን አንዱ ባልደረባችን ቀርቷል፣ ትዕዛዝ ተደራርቧል፣ አንድ ሰው የሁለት ሰው ሥራ ይዟል። አስተናጋጁ «ምግቡ እንዴት ነው?» ሲለው «አሪፍ ነው፣ እናመሰግናለን» ይላል። ቤቱ ሲገባ «ሩዙ ጠንክሯል፣ አገልግሎቱ ያስጠላል» ብሎ ይጽፋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ያኔውኑ ብትነግረኝ እኮ ሳህኑን አንስቼ ሌላ እሠራልህ ነበር። አሁን ምን ላድርግ? ደብተርህን ላሙቀው?

የእራት ደብተር፦
ፊት ለፊት መናገር ለሁሉም አይቀልም። ደግሞ ከፍዬ ነው የበላሁት። ከፍዬ ስለበላሁት ምግብ መናገር መብቴ ነው።

ባለ ድስቱ፦
መብትህ ነው። ግን ስንት ጊዜ ሄደህ ነው? ሬስቶራንቶችን የሚመዝነው የሚሼሊን መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ ኮከብ ይሰጣል። መርማሪዎቹ ማንነታቸውን ሳይናገሩ ገብተው፣ ሂሳባቸውን ራሳቸው ከፍለው ይወጣሉ። ለኮከብ ሲሆን ደጋግመው ይሄዳሉ እንጂ በአንድ ማታ አይወስኑም። አንተ በአንድ ሳህን ሩዝ ፈረድክ።

የማታ ወፍ፦
ሚሼሊን ጎማ ፋብሪካ አይደለም እንዴ?

ባለ ድስቱ፦
ነው። መጽሐፉን በ1900 ያወጡት ሰው መኪና ይዞ ብዙ እንዲጓዝና ጎማ እንዲያልቅበት ነው።

የማታ ወፍ፦
ታዲያ ምኑን ምሳሌ አደረግካቸው? የእራት ደብተር ቢያንስ ጎማ አይሸጥም።

ዝም ብለህ ብላ፦
ገና ነዋ። ተከታይ ሲበዛለት የሚሸጠውን እናያለን።

የእራት ደብተር፦
ይህን አንሳው። አንድም ቀን በነጻ አልበላሁም።

ዝም ብለህ ብላ፦
በላህ አልኩ? «ገና ነዋ» ነው ያልኩት። ተመልሰህ አንብበው፣ ተጽፏል።

ሽንኩርት ላጭ፦
ባለ ድስቱ፣ እንዲህ የምትከራከረው ያ ሬስቶራንት የእናንተ ሆኖ ነው እንዴ?

ባለ ድስቱ፦
አይደለም። ቢሆንስ? እ.ኤ.አ. በ2011 ሃርቫርድ ያለ አንድ ተመራማሪ ደንበኞች ኢንተርኔት ላይ ለሬስቶራንቶች የሚሰጡትን ኮከብ ከገቢያቸው ጋር አስተያይቶ ነበር። አንድ ኮከብ ሲጨምር ገቢው ከ5 እስከ 9 በመቶ ያድጋል። ጉዳዩ የሚነካው በየቦታው ቅርንጫፍ ያላቸውን አይደለም፤ ባለቤቱ ራሱ በር ላይ የሚቆምባቸውን ትንንሾቹን ነው። አንተ ደብተር ትለዋለህ። እዚያ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ግን ደሞዛቸው ነው።

የእራት ደብተር፦
ስለዚህ መጥፎ ምግብ ስበላ ዝም ልበል? አንባቢዬስ ገንዘቡን ከሜዳ ነው የሚያነሳው? ሲያማርሩን የሚናደዱ ሬስቶራንቶች ስናመሰግን «ምስጋናውን አጥፉልን» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

የማታ ወፍ፦
እዚህ ላይ እውነቱን ነው።

ነርሷ፦
እኔ የሆድ ሕመሙን ልጠይቅ። መቼ በላህ፣ መቼ አመመህ?

የእራት ደብተር፦
ማታ በላሁ፣ በማግስቱ ጠዋት አስመለሰኝ። ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፏል።

ነርሷ፦
ከዚያ በፊት የነበሩት ቀናትስ? ሰው ሁልጊዜ የመጨረሻውን ገበታ ነው የሚከሰው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ከ6 ሰዓታት እስከ 6 ቀናት ቆይቶ ነው የሚያምህ። ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው የጉበት በሽታ ሲሆን ከ15 እስከ 50 ቀናት ይቆያል። ደብተርህ ለዚህ ነበር የሚጠቅምህ፣ ወደ ኋላ ለመግለጥ። አንተ የመጨረሻውን መስመር ብቻ አንብበህ ፈረድክ።

የእራት ደብተር፦
ገልጫለሁ! ከዚያ በፊት የበላሁት በሙሉ የቤት ነው።

የጓዳ ሰው፦
የቤት ከሆነ ንጹሕ ነው ያለው ማነው? የማታ ሩዝ ምድጃ ላይ አድሮ ጠዋት ተሞቆ የሚበላበት ቤት ስንት ነው?

ነርሷ፦
ልክ ነሽ። የበሰለ ሩዝ ከማቀዝቀዣ ውጭ ሲያድር ባሲለስ ሴሬየስ የሚባል ባክቴሪያ ይራባበትና መርዝ ያመነጫል። የሚያስመልሰው መርዝ ደግሞ መልሶ በማሞቅ አይጠፋም። ብዙ ሰው «ሞቋል እኮ» ብሎ የሚታለለው እዚህ ጋ ነው።

ባለ ድስቱ፦
እሰይ! በዚያው ሳምንት የለጠፈውን እኮ አሁን አገኘሁት። «ቁርስ፦ የትናንት ሩዝ፣ ሞቆ፣ ከእንቁላል ጋር። ግሩም።» የቤቱ ሩዝ ግሩም፣ የሬስቶራንቱ ሩዝ ወንጀለኛ!

የእራት ደብተር፦
ያ ሩዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው ያደረው!

ባለ ድስቱ፦
አልጻፍከውማ። ያልተጻፈ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ሽንኩርት ላጭ፦
ወይኔ! አለቀለት።

ዝም ብለህ ብላ፦
ባለ ድስቱ፣ እጅህ ይባረክ። ጠዋት ከጻፍኩት ሁሉ ያቺ አንድ መስመር በለጠች።

የእራት ደብተር፦
ቀልዱ ጥሩ ነው። ግን እስኪ አስቡት። ስለ ሩዙ ልትከራከሩኝ የቻላችሁት ስለጻፍኩ ነው። ባልጽፍ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

የጓዳ ሰው፦
እኔ ግን ስለ ቤቱ ምግብ አንድ ነገር ልበል። ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አንብቤዋለሁ። ሬስቶራንት ሲሆን የቤቱ ስም፣ የአስተናጋጁ ፊት፣ የወንበሩ ምቾት ሳይቀር ተጽፏል። ቤት ሲሆን ግን «እራት፦ ሾርባ። ጨው በዝቶበታል።» ማን ሠራው? አይታወቅም። ሾርባው ራሱን ከትፎ፣ ራሱን አብስሎ ጠረጴዛ ላይ የወጣ ይመስላል። የእኔም ባል እንዲህ ያለ ደብተር ነበረው። አንድ ቀን ገልጬ አየሁት። በየገጹ ጨው፣ ጨው፣ ጨው። ለእኔ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ወዲህ ጨው የሚባል አልጨምርም። የጨው ዕቃውን ፊቱ አስቀምጬለት እሄዳለሁ።

ሽንኩርት ላጭ፦
አሁን ምን ይጽፋል?

የጓዳ ሰው፦
«ጨው አንሷል።»

የማታ ወፍ፦
ኪኪኪ። ይህን ሰውዬ ወደ ቡድናችን አምጪልን።

የጓዳ ሰው፦
አልመጣም ብሏል። ደብተሩን ግን ደብቆታል። ሌላም አለኝ። የጣለውን የሚጽፍ አለ? የተባበሩት መንግሥታት እንዳወጣው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል። 60 በመቶው ከሬስቶራንት ወይም ከገበያ አይደለም፣ ከእኛው ከየቤታችን ነው። የበላችሁትን ከምትነግሩኝ የደፋችሁትን ብትነግሩኝ ደብተሩ ደብተር ይሆን ነበር።

ዝም ብለህ ብላ፦
«ዛሬ የተጣለ፦ ግማሽ ዳቦ፣ የሻገተ ቲማቲም፣ ማንም ያልነካው ሰላጣ።» ይህን ማን ይወድለታል? ፎቶውም አያምር።

አዛውንቱ አንባቢ፦
ልጆቼ፣ ነገሩን አታናንቁት። እ.ኤ.አ. በ1666 ለንደን ስትቃጠል ሳሙኤል ፒፕስ የሚባል የባሕር ኃይል ባለሥልጣን የወይን ጠጁንና የፓርሜዛን አይቡን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረ። ይህን ዛሬ የምናውቀው በየቀኑ ማስታወሻ ይይዝ ስለነበረ ነው። የበላውን፣ አብሮት የበላውን ሰው ሁሉ ጽፏል። ታሪክ ጸሐፊዎች የዚያን ዘመን ማዕድ የሚያዩት በእንዲህ ያለ ሰው ዓይን ነው።

ዝም ብለህ ብላ፦
ጋሼ፣ አከብርዎታለሁ። ግን ሰውዬው የጻፈው ተራ አንባቢ በማያውቀው የአጭር ጽሕፈት ምልክት ነበር። የሞተው በ1703 ነው፣ ማስታወሻው የታተመው በ1825። የእራት ደብተር ሹካውን ሳያስቀምጥ ነው የሚለጥፈው። እሱም እንደዚያኛው 120 ዓመት ያሳርፈን።

አዛውንቱ አንባቢ፦
መልስህ ጥሩ ነው። ባይጽፈው ግን 120 ዓመትም ጠብቆ የሚታተም ነገር አይኖርም ነበር። ለማን እንደሚጠቅም ደግሞ ያኔ እሱም አላወቀም።

የእራት ደብተር፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ሰው ገባው።

የማታ ወፍ፦
ጋሼ የእርስዎን ትቼ ወደ «አብሮት የበላውን ሰው» ልምጣ። የእራት ደብተር፣ አንተን ነው። ቅዳሜ «ከማታ ወፍ ጋር ምሳ፣ እስክንጠግብ ሳቅን» ብለህ ለጥፈሃል። እኔ ለእህቴ አሞኛል ብዬ ነበር የቀረሁት። ዕቃ ስታጓጉዝ እንዳልረዳት። እህቴ ደግሞ እዚህ ቡድን ውስጥ ናት። እስከ ዛሬ ስልኬን አታነሳም።

የእራት ደብተር፦
እኔ ምን አጠፋሁ? በልተናል፣ ስቀናል። እውነቱን ነው የጻፍኩት።

የማታ ወፍ፦
ምግብህን ጻፍ፣ እኔን ለምን ትጽፈኛለህ? እዚህ ላይ ወጥ ረግጠሃል። ሾርባው ቆዳ እስኪያወጣ ድረስ ፎቶ ስታነሳ ታግሼሃለሁ። ሳህኑን ሦስቴ ስታዞር ታግሼሃለሁ።

ሽንኩርት ላጭ፦
ቆይ፣ የታመመ ሰው እስኪጠግብ ይስቃል እንዴ?

የማታ ወፍ፦
አንተ ሽንኩርትህን ላጥ።

አስተባባሪ፦
ወገኖች፣ ወደ ቁም ነገሩ እንመለስ። በአንድ ቀን ምግብ የሬስቶራንት ስም እየጠሩ «እንዳትሄዱ» ማለት በቡድናችን ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ? ድምፅ እንስጥ?

ባለ ድስቱ፦
ከድምፁ በፊት ጽሑፉ ይነሳ። ሰው እስኪወሰንበት ድረስ ወንጀለኛ አይባልም።

ነርሷ፦
ቢያንስ «ሆዴን ያመመኝ» የሚለው ይነሳ። አይታወቅም። ሩዙ ጠነከረ ካለ ይበል፣ ምላሱ ነው።

የእራት ደብተር፦
አላነሳም። አንዴ የተጻፈ ተጽፏል። ለእናንተ ስል ግን «ምናልባት» የሚል ጨምሬበታለሁ።

ባለ ድስቱ፦
የት ነው የጨመርከው? ... አየሁት። «ሆዴን ያመመኝ እነሱ ጋ የበላሁት ነው፣ ምናልባት እንዳትሄዱ» ይላል! ይሄ ምን ማለት ነው?

የእራት ደብተር፦
ብትሄዱም ሩዝ አትዘዙ ማለት ነው።

ባለ ድስቱ፦
አስተባባሪ! አስተባባሪ የት ሄደ?