ለጥቁር ተማሪዎች የተዘጋጁ የአሜሪካ ስኮላርሺፖች ከድሬዳዋ ለምታመለክት ልጅ ይሆናሉ?

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)
የእህቴ ልጅ ዘንድሮ 12ኛ ክፍልን ታጠናቅቃለች። ሚኒሶታ የሚኖረው ወንድሜ በዚያ አገር ለጥቁርና ነጭ ላልሆኑ ሌሎች ተማሪዎች የሚሰጡ ስኮላርሺፖችን ዝርዝር ልኮልናል። አንድ ደላላ ደግሞ ፎርሙን እሞላላችኋለሁ ብሎ ቀብድ ጠይቆናል። ልጅቷ ጥቁር መሆኗ ብቻ ለማመልከት ያበቃታል?

መልስ (ከሐረር፣ ጡረታ የወጣሁ መምህር)
እህቴ፣ ለደላላው ሳንቲም እንዳይሰጡ። እነዚህ ስኮላርሺፖች በአብዛኛው ከቀለም በፊት የሚጠይቁት ዜግነትን ነው። የቤዝቦል ተጫዋቹ ጃኪ ሮቢንሰን ካረፈ በኋላ ባለቤቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ያቋቋመችው ፋውንዴሽን አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የጌትስ ስኮላርሺፕ ቋሚ ነዋሪዎችንም ቢቀበል፣ ፔል ለተባለው የዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የመንግሥት ድጎማ ብቁ መሆንን ግድ ይላል። ስለዚህ ዝርዝሩ የሚጠቅመው፣ ካሉት፣ ለወንድምዎ ልጆች ነው።

መልስ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ዝርዝሩ መቼ እንደተዘጋጀም ይጠይቁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2023 እ.ኤ.አ. ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን መመዘኛ እንዳያደርጉ ከወሰነ ወዲህ፣ ውሳኔው የተሰጠው ስለ ቅበላ ቢሆንም፣ አንዳንድ ስኮላርሺፖች ዘርን ከመስፈርታቸው አውጥተዋል።

ለልጅቷ የሚበጀው ከውጭ አገር አመልካቾችን የሚቀበለው መንገድ ነው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተንና ኤምአይቲ የውጭ አገር ተማሪ ሲቀበሉ የመክፈል አቅሙን ሳያዩ ወስነው የጎደለውን ይሸፍናሉ፤ በሩ ግን እጅግ ጠባብ ነው። የማስተርካርድ ፋውንዴሽን ስኮላርሺፕ በበኩሉ የአፍሪካ ወጣቶችን የሚደግፍ ሲሆን፣ ማመልከቻው ለፋውንዴሽኑ ሳይሆን እንደ ጋናው አሸሲ ላሉ አጋር ዩኒቨርሲቲዎች በቀጥታ ይቀርባል። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች መደበኛ ማመልከቻ በአብዛኛው ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ስለሚዘጋ፣ የብሔራዊ ፈተናውን ውጤት ስትጠብቅ ዓመቱ እንዳያመልጣት።

ጠያቂዋ
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ ግሪን ካርድ ያላት 11ኛ ክፍል ልጅ ስላለችው ዝርዝሩን ለእርሷ እንዲያውለው እነግረዋለሁ። ለእኛዋ ከትምህርት ቤቱ አስቀድመን ምን እናውጣ?

መልስ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)
ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ትራንስክሪፕት ማኅተም አስደርጋችሁ በእንግሊዝኛ አውጡ፤ የእርሷ፣ የአባቷና የአያቷ ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር በአንዲት ፊደል እንኳ እንዳይለያይ ከሬጅስትራሩ መስኮት ሳትርቁ አመሳክሩ። የማመልከቻ ክፍያውን መክፈል ካልቻላችሁ፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ርእሰ መምህር ይህንኑ አረጋግጦ ነፃ እንድትደረግ መጠየቅ ይቻላል።