ክርክር፦ ሳይዘጋጅ የመጣ ሕፃን አንድ ዓመት ይቆይ ወይስ ይግባ?

አወያይ፦ ከድሃ ቤተሰብ የሚመጡ ብዙ ሕፃናት አንደኛ ክፍል ሲገቡ እርሳስ መያዝ፣ መቁጠር፣ የሁለት ደረጃ ትእዛዝ መከተል ያቅታቸዋል። «ፈተና ተሰጥቶ የወደቀው ዓመት ይቆይ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ?

ጠመኔ፦ እደግፋለሁ። አንድ መምህር ሃምሳ ልጅ ይዞ ፊደል ሲጀምር፣ መጽሐፍ ከየት በኩል እንደሚገለጥ ያላወቀው ልጅ በሁለተኛው ወር ከጎረቤቱ ደብተር መገልበጥ ይጀምራል። ደብተሩ ሲታይ ያማረ ነው፣ ልጁ ግን አያነብም። ይህ ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው የሚጋለጠው።

ሰንበሌጥ፦ ወንድሜ ጠመኔ፣ በሽታው ያልከው ነው፤ መድኃኒቱ ግን አይደለም። የሚቆይበትን ዓመት የት ያሳልፈዋል? እዚያው ክህሎቱን ባላገኘበት ቤት። ገንዘብ ያለው ቤተሰብ ልጁን ሲያቆይ መዋዕለ ሕፃናት ያስገባዋል፤ ልዩነቱ በዚያው ይሰፋል። ደግሞም በአንድ ክፍል ታላቁና ታናሹ ወደ 12 ወር ሊራራቁ ይችላሉ። ለ6 ዓመት ልጅ ይህ የዕድሜው ስድስተኛ ነው። ፈተናችሁ ድህነትንና የልደት ወርን አደባልቆ ይለካል።

ጠጠር ቆጣሪ፦ ፈተናው ራሱም ደካማ ነው። «እስከ አስር ቁጠር» ብሎ መፈተን ዜማ ከማስወጣት አያልፍም። 7 ጠጠር አስቀምጡና አስቆጥሩት፣ ከዚያ «ስንት ናቸው?» በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ፣ የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱን እንደሚናገር አልገባውም። ቀጥሎ «4 ስጠኝ» ስትሉት እፍኝ ሙሉ ካነሣ ያው ነው። አንዱን ጠጠር ሁለቴ የሚቆጥር ከሆነ ደግሞ ጣቱና አፉ አልተገጣጠሙም ማለት ነው፤ እያንዳንዱን ወደ ጎን እየገፋ ይቁጠር። እስከ 3 ያለው ሳይጠና ወደ 10 መሮጥ ከንቱ ድካም ነው።

ጠመኔ፦ ጥሩ፣ ግን ይህን ለሃምሳ ልጅ ማን ያደርገዋል?

ሰንበሌጥ፦ ለሁሉም አያስፈልግም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ለይ፤ ከዚያ 4 ወይም 5 ልጅ፣ 15 ደቂቃ፣ በሳምንት 4 ቀን። እርሳስ በጡጫ የሚይዘውን አጭር የከለር ስባሪ ስጠው፤ ለጡጫ ቦታ ስለሌለው ሦስት ጣቱ ራሱ ይሰበሰባል። ከዚያ በፊት ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ቁልፍ መቆለፍ። ጣት ሳይጠነክር መስመር ላይ ማጻፍ አያያዙን ያበላሻል፣ ኋላም ማቃናት ይከብዳል።

ጆሮ ገብ፦ ከሁሉ በፊት ጆሮው ይታይ። ከጉንፋን በኋላ በመካከለኛው ጆሮ ፈሳሽ የተጠራቀመበት ልጅ ድምፅ ታፍኖ ይሰማዋል፤ ስሙ ግን «ሰነፍ» ይሆናል። ከጀርባው ሆኖ በዝግታ ስሙን መጥራት ምርመራን ባይተካም ማን ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ይጠቁማል።

እናቶችንም አትውቀሱ። የድሃ ልጅ የሚሰማው ቃል በ30 ሚሊዮን ያንሳል የሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የአሜሪካ ጥናት 42 ቤተሰብ ብቻ ነበረው፤ በመንግሥት ድጎማ የሚኖሩት ደግሞ 6። ከቃሉ ብዛት ይልቅ የንግግር ቅብብሉ ይበልጣል። ሥዕል አሳይተው «ውሻው ምን ያደርጋል?» ይበሉት። «ሮጠ» ካለ «አዎ፣ ትልቁ ውሻ ወደ ወንዙ ሮጠ» ብለው ያስፉለት፣ እሱም ይድገመው። «ውሻ ነው አይደል?» ዓይነት ጥያቄ «አዎ» ብቻ ነው የሚያወጣው። ማንበብ የማይችል ወላጅም ይህን ይችላል።

ጠመኔ፦ ታዲያ ቅድመ መደበኛ ለሁሉም ቢከፈት አይበቃም?

ጠጠር ቆጣሪ፦ መክፈት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ሚሺጋን የተጀመረው የፔሪ ቅድመ መደበኛ ፕሮግራም በሙከራው ከነበሩት 123 ልጆች 58ቱን አስተማረ፤ አንድ መምህር 5 ወይም 6 ልጅ ይዞ፣ በየሳምንቱም ቤታቸው ለአንድ ሰዓት ተኩል እየሄደ። ውጤቱ እስከ ጉልምስና ታየ። በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በቴነሲ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ጥናት፣ ወደ ግዛቱ ቅድመ መደበኛ የገቡት ልጆች ስድስተኛ ክፍል ላይ ካልገቡት ዝቅ ብለው እንደተገኙ አሳየ። ስሙ አንድ ነው፣ ውስጡ ግን ለየቅል።

ጠመኔ፦ እሺ፣ ፈተናው ለመለያ ይሁን፣ ለመመለሻ አይሁን። ረዳት ካልተቀጠረ ግን አቋሜ ያው ነው፤ ያ 15 ደቂቃ ሲሰጥ የቀሩትን አርባ አምስት ማን ይይዛቸዋል?

ሰንበሌጥ፦ ረዳት የግድ ነው፣ እዚህ ላይ አልከራከርህም። ገንዘቡ አንድ ዓመት ለማቆየት ከሚወጣው ይነሳ።