ሰባት ወር ያልለቀቀኝ የወገብ ሕመም፦ ከአቀማመጤ ይሆን?

ጥያቄ (ልብስ ሰፊ፣ ኮዬ ፈጬ)
ጤና ይስጥልኝ። 36 ዓመቴ ነው። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እኖራለሁ፤ ምድር ቤት በተከራየሁት ሱቅ ልብስ እሰፋለሁ። ወገቤን ካመመኝ ሰባት ወር ሆነኝ። ጠዋት ደህና ነኝ፤ ከሰዓት በኋላ ግን በግራ በኩል ጨምድዶ ይይዘኛል። ከስፌት መኪናዬ ስነሣ ጥቂት ሳልራመድ ቀና ማለት አልችልም። ወደ እግሬ አይወርድም። ክሊኒክ ሄጄ ራጅ ተነሣሁ፤ «አጥንትሽ ደህና ነው» ተብዬ ማስታገሻ ተሰጠኝ። ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ ይመለሳል። ጎረቤቴ የወገብ ቀበቶ ግዢ ትለኛለች፤ እናቴ ወጌሻ ዘንድ ልውሰድሽ ትላለች። አጥንቴ ደህና ከሆነ የሚያመኝ ምንድን ነው? ስፌቱን እንዳልተው ሁለት ልጆች አሉኝ።

መልስ (የጭነት መኪና ሹፌር፣ ገላን)
አይዞሽ እህቴ። እኔ ሁለት ዓመት ታምሜ ነበር። ቀበቶውን ስታጠቅ ይሻለኛል፣ ስፈታው ያው ነው። ተኝቼ ልረፍ ብዬ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ብውል ደግሞ ባሰብኝ። የጠቀመኝ በየሁለት ሰዓቱ መኪናውን አቁሜ መራመድ ነው። የገንዘብ ቦርሳዬንም ከኋላ ኪሴ አወጣሁ፤ ለካ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎን ከፍ ብዬ ነበር የምቀመጠው።

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ለገጣፎ)
እህቴ፣ ከአቀማመጥ በፊት የሚጠየቅ አለ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ አለ? ቲቢ አከርካሪንም ስለሚይዝ ይህ ካለ ሳትቆዪ ተመርመሪ። ብልትሽ አካባቢ መደንዘዝ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል ወይም የእግር መዛል ካለ ግን በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂጂ። ሌላው ጥያቄዬ፦ ውኃ የምትሸከሚው በየትኛው እጅሽ ነው?

ጠያቂዋ
ከጠቀሱት ምልክቶች አንዱም የለብኝም። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በቀኝ እጄ ይዤ አራተኛ ፎቅ አወጣለሁ፤ በቀን ሦስት ጊዜ። ግን የሚያመኝ ግራዬን ነው!

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)
ይህ እርስ በርሱ አይጋጭም። 20 ኪሎ በቀኝ ሲጎትትሽ ወደዚያ እንዳትዘሚ ቀጥ አድርጎ የሚይዝሽ የግራ ጎንሽ ጡንቻ ነው። ለወራት አንዱ ወገን ብቻ ሲለፋ ይደክማል፣ ይወጣጠርና ያምማል።

ስፌቱ ደግሞ የራሱን ይጨምራል። ከወገብ አከርካሪ ተነሥቶ በዳሌ በኩል ጭን አጥንት ላይ የሚያርፍ ጥልቅ ጡንቻ አለ። ስንቀመጥ ያጥራል፤ ለሰዓታት እንደዚያ ቆይተን ስንነሣ ወገብን ወደ ፊት ይስባል። የመቀመጫና የሆድ ጡንቻ ሥራ ፈትቶ ሲላላ የእነርሱንም ሸክም ወገብ ይወስዳል። የቼኩ ሐኪም ቭላዲሚር ያንዳ ሰው ከጎን ሲታይ ያጠሩት (የወገብና የዳሌ ፊት) እና የላሉት (የሆድና የመቀመጫ) ጡንቻዎች በመስቀል ቅርጽ እንደሚተያዩ አስተምሯል። ራጅ አጥንትን እንጂ ይህን አያሳይም።

ነገር ግን አቀማመጥ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልሽም። ጎብጠው እየዋሉ የማያማቸው ብዙ ናቸው፤ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀትም ሕመምን ያብሳሉ። ቀበቶውን ተዪው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በጎርጎሮሳውያኑ 2023 ባወጣው መመሪያ ለቆየ የወገብ ሕመም አይመክረውም፤ እንቅስቃሴን ግን ይመክራል። አከርካሪሽን ማንም እንዲጎትት ወይም እንዲጠመዝዝ አትፍቀጂ፤ እናትሽን በአክብሮት አስረጃቸው።

በየቀኑ ይህን ሥሪ። የታጠፈ ጋቢ ላይ በአንድ ጉልበትሽ ተንበርክከሽ ሌላውን እግር ከፊት ትከይ፤ መቀመጫሽን ጠበቅ አድርገሽ ዳሌሽን በቀስታ ወደ ፊት ግፊ። የተንበረከከው ጭን ፊቱ ሲሳብ 30 ሴኮንድ ቆዪ፣ እግር ቀይሪ። ቀጥሎ በጀርባሽ ተኝተሽ፣ ጉልበትሽን አጥፈሽ መቀመጫሽን ከመሬት አንሺ፤ 5 ሴኮንድ ያዢው፣ 10 ጊዜ። መጨረሻ ላይ በእጅና በጉልበትሽ ሆነሽ ቀኝ እጅሽንና ግራ እግርሽን ዘርጊ፣ ከዚያ አቀያይሪ፤ ወገብሽ እንዳይሰረጉድ። በማግስቱ የሚለቅ መጠነኛ ድካም አያስፈራሽ፤ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ከመጣ አቁሚና ባለሙያ ይይሽ። ለውጡን በሳምንታት እንጂ በቀናት አትጠብቂ።

መልስ (የ30 ዓመት ልብስ ሰፊ፣ ሰበታ)
ልጄ፣ ዱካሽ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። ዳሌሽ ከጉልበትሽ ትንሽ ከፍ እስኪል ትራስ ጨምሪበት፤ መኪናውንም ወደ ራስሽ አስጠጊው፣ ጨርቁን አጎንብሰሽ እንዳትፈልጊው። ጨርቅ ስትቆርጪ ቁሚ። የታችኛው ክር ባለቀ ቁጥር ደግሞ ሳትነሺ አትሙዪው፤ እኔ ሰዓት ሳልመለከት የማርፈው በዚህ ነው።

ጠያቂዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሸክሙን በሁለቱም እጄ ለማካፈል ዛሬ ሁለት ባለ 10 ሊትር ጄሪካን ገዛሁ። እንቅስቃሴውን ጠዋት ከአልጋ እንደወረድኩ ልሥራው?

መልስ (የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ)
ትንሽ ቆይተሽ። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያሉት ዲስኮች ሌሊት ውኃ ስለሚይዙ ጠዋት ወገብ ደረቅ ይላል። ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብለሽ ቁርስ ካቀረብሽ በኋላ ጀምሪ። ጄሪካኖቹንም ከመሬት ስታነሺ ጉልበትሽን አጥፈሽ፣ ወደ ሰውነትሽ አስጠግተሽ ይሁን።