ጣራ ላይ የሚቀመጥ ኩፖላ፦ ያለቀለት ልግዛ ወይስ ራሴ ልስራው?

ጣራ ናፋቂ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጋራዥና ዕቃ ቤት አንድ ላይ የሆነ ቤት አለኝ፣ ጣራው በሁለት በኩል የሚወርድ ተራ ሽንሽን ቆርቆሮ ነው፣ ኮልሞው (ሁለቱ ተዳፋት ከላይ የሚገናኙበት መስመር) ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሜትር ይሆናል። ከቆየ ጊዜ ጀምሮ መሃሉ ላይ ኩፖላ ማስቀመጥ እፈልጋለሁ፣ ትልቁን ክብ ጉልላት ማለቴ አይደለም፣ ያቺ አራት ማዕዘን ሆና በአራቱም በኩል ሉቨር (አየር የሚያሳልፍ የተደረደረ ዘመም ያለ ጣውላ) ያላት፣ ከላይ የራሷ ትንሽ ጣራ ያላት፣ ጫፏ ላይ ደሞ ነፋስ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያሳይ የብረት ዶሮ የሚደረግባት። አዎ ዶሮውንም እፈልጋለሁ፣ አትሳቁ።

አሁን ያለቀለት አንድ አየሁ፣ ወርዱ 45 ሳንቲ፣ መሬት ላይ ቆሞ ሳየው እንደውም ትልቅ ነው የመሰለኝ፣ ባለቤቴ ግን ፎቶውን አይታ የእርግብ ቤት ነው የሚመስለው አለችና ቆም አልኩ። ሌላው ጥያቄዬ ጣራው የግድ ይበሳ ወይ ነው፣ ወይስ ለጌጥ ብቻ ከላይ ይቀመጥ? ዕቃ ቤቱ ከሰዓት በኋላ እንደ ምድጃ ነው የሚሆነው ስለዚ ሙቀቱን ካወጣልኝ አሪፍ ነበር። ደሞ እንጨት ይሻላል ፒቪሲ? ከላይ መዳብ የተደረገበትም አይቻለሁ በጣም ያምራል። መጋዝና ድሪል አለኝ፣ ጠረጴዛና መደርደሪያ ሰርቻለሁ፣ ጣራ ላይ ግን ሰርቼ አላውቅም።

የፎቁ ልጅ፦

ባለቤትህ ልክ ናት። እኔ ይሄንኑ ስህተት ሰርቼ አሁንም በየቀኑ እያየሁት ነው። ያለቀለት ገዛሁ፣ ካርቶኑን ሳሎን ውስጥ ስንፈታው ክፍሉን ሞላው፣ ልጆቹ ውስጡ ገብተው ሲጫወቱ ነው የዋሉት፣ ጣራ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ግን የጠርሙስ ክዳን ሆኖ ቁጭ። መሬት ላይ ስታየው እኮ አጠገብህ ነው ያለው፣ ላይ ሲወጣ ከሩቅና ከስር ነው የምታየው፣ ከጀርባው ደሞ ሰማይ ብቻ ስለሆነ ይበላዋል።

በኋላ የተረዳሁት ልኬት ይሄ ነው፣ ለእያንዳንዱ የኮልሞ ሜትር ከ8 እስከ 12 ሳንቲ ወርድ። ያንተ 9 ሜትር ስለሆነ ከ72 እስከ 108 ሳንቲ ይመጣል ማለት ነው፣ 45ቱ 4 ወይ 5 ሜትር ለሆነ ጣራ ነው። ቁመቱ ደሞ ቢያንስ የወርዱ አንድ ተኩል ቢሆን ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩን አትመን፣ ትልቅ ካርቶን ፈልግና በልኩ ቆርጠህ አጣብቀህ፣ ነፋስ በሌለበት ቀን ጣራው ላይ አስረህ ከመንገዱ ማዶ ሆነህ እየው። እኔ ይቺን ግማሽ ቀን ብሰዋ ኖሮ አልቃጠልም ነበር።

ቱንቢ፦

ካርቶኑ ጥሩ ሃሳብ ነው። እኔ አናጺ ነኝ፣ እድሜዬን ጣራ ላይ ነው የፈጀሁት። ልጄ፣ ጠረጴዛ የሰራ ሰው ኩፖላ አያቅተውም፣ ሳጥን ነው፣ ሰው የሚሳሳተው እግሩ ላይ ነው። ሳጥኑ ኮልሞው ላይ እንደ ኮርቻ ነው የሚቀመጠው ስለዚህ ሁለቱ ጎኖቹ ከስር በተገለበጠ ቪ ቅርጽ ይቆረጣሉ፣ ያ ቁርጥ ከጣራው ተዳፋት ጋር ካልገጠመ የቀረው ቢያምር ምን ያደርጋል።

ተዳፋቱን እንዲህ ለካ። ሊቬልህን ጫፉን ጣራው ላይ አስነክተህ ወደ ውጭ አግድም ያዘው፣ ውሃው መሃል ሲሆን ልክ 1 ሜትር ላይ ወደ ታች ጣራው ድረስ ለካ። 40 ሳንቲ ከወረደ ተዳፋትህ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። አሁን ኩፖላህ ወርዱ 90 ነው እንበል፣ ግማሹ 45፣ 45 በ0.4 ስታባዛው 18 ሳንቲ፣ የቪው ጥልቀት እሱ ነው። ስለዚህ የእግሩ ጣውላ ከ18 ሳንቲ በላይ ሆኖ ከቪው ጫፍ በላይ ደሞ ቢያንስ 12 ሳንቲ ሙሉ እንጨት ሊተርፈው ይገባል፣ በ20 ሳንቲ ጣውላ የሚጀምሩ አሉ፣ መሃሉ ላይ እንደ ብስኩት ይሰበርባቸዋል። መጀመሪያ በኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሞዴሉን አውጣ፣ ይዘህ ውጣ፣ ግጠመው፣ ከዛ ነው ደህናው እንጨት ላይ መጋዝ የሚያርፈው። ጣራ አዲስ ሆኖም ቢሆን ሁለቱ ጎን እኩል ላይሆን ይችላል፣ ለየብቻ ለካ።

ስምንት ማዕዘን እንዳያምርህ። የእያንዳንዱ ጎን ወርድ የጠቅላላው 0.414 ነው፣ 90 ከሆነ 37 ሳንቲ ከምናምን፣ ማጋጠሚያው 22.5 ዲግሪ፣ ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ግን አስራ ስድስት ጠርዝ ላይ ግማሽ ዲግሪ ብትስት የመጨረሻው አይዘጋልህም። አራት ማዕዘን ስራ።

አየር በአየር፦

ሙቀቱን በተመለከተ ማንም አልመለሰልህም። ሳይበሳ ከላይ የተቀመጠ ኩፖላ ባርኔጣ ነው፣ ምንም አየር አያወጣም። ከተበሳ ግን ይሰራል፣ ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍተኛው ቦታ ላይ መውጫ ካገኘ ይሄዳል፣ ነፋስ ሲኖር ደሞ በሉቨሩ በኩል ሲያልፍ ይስበዋል።

ሰው የሚረሳው ታችኛውን ነው! አየር ከላይ እንዲወጣ ከታች መግባት አለበት፣ ጣራው ግድግዳውን አልፎ በሚወጣበት ጠርዝ ስር ቀዳዳ ከሌለህ ኩፖላው በኮርኒስ ስንጥቅ በኩል ከቤት ውስጥ ነው የሚስበው፣ ያ ደሞ አቧራና እርጥበት ወደ ጣራው ውስጥ ያስገባል። የተለመደው ስሌት የጣራው ስር ስፋት ሲካፈል ለ300 ነው፣ ግማሹ ከላይ ግማሹ ከታች። የቤትህን የጎን ስፋት አልነገርከንም፣ 7 ሜትር ነው ብዬ ልያዝ፣ 9 በ7 63 ካሬ፣ ለ300 ሲካፈል 0.21 ካሬ፣ ስለዚህ ከላይ 0.105 ካሬ ሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልግሃል ማለት ነው። ይሄ ምን ያህል ነው ብትል 33 በ33 ሳንቲ ቀዳዳ! ሰው ኩፖላው 90 ስለሆነ ጣራው 90 መቀደድ ያለበት ይመስለዋል፣ አይደለም። 40 በ40 ከበሳህ ወፍ እንዳይገባ የሚደረገው ወንፊት የሚዘጋውንም ጨምሮ ይበቃሃል። የሉቨሩ ነገር አያሳስብህም፣ በግምት ግማሹ እንጨት ቢሸፍነውም አራት ጎን ስላለው ይተርፋል።

ቱንቢ፦

እሱ ያለው ትክክል ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከመብሳትህ በፊት በውስጥ በኩል ውጣና ትራሶቹ፣ ጣራውን የተሸከሙት ባለ ሶስት ማዕዘን እንጨቶች፣ የት እንዳሉ እይ፣ በሁለት ትራስ መሃል ብቻ ነው የሚበሳው። በምንም ምክንያት ትራስ አይቆረጥም፣ ኩፖላ መሃል እንዲሆንልኝ ብሎ ትራስ ቆርጦ ጣራው የጎበጠበት ሰው አውቃለሁ። ኮልሞ ስር ረጅም ተሸካሚ እንጨት ካለህ ደሞ እሱን ሳትነካ ግራና ቀኝ ሁለት ቀዳዳ ታወጣለህ። ለጌጥ ብቻ ከሆነ ግን እኔ በበኩሌ ያልተበሳ ጣራ እወዳለሁ፣ ያልተበሳ ጣራ አያፈስም።

አየር በአየር፦

እንዲህ ከሆነማ መስኮትም አይበሳ 😄 ሰውየው እንደ ምድጃ ነው እያለ እኮ ነው።

ዝናብ ያስተማረኝ፦

ስለ ማፍሰስ እኔ ልናገር፣ ስሜም ከዛ የመጣ ነው። ኩፖላዬን ራሴ ነው የሰራሁት፣ እግሩን በደንብ አገጣጥሜ ዙሪያውን ሲሊኮን ሞላሁበትና ጨረስኩ ብዬ ወረድኩ። የመጀመሪያው ክረምት ጠብታ የለም፣ ኮራሁ። በሁለተኛው ክረምት ኮርኒሱ ላይ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ቡናማ ክብ ወጣ፣ ያውም ከኩፖላው ሁለት ሜትር ርቆ ስለነበረ የቆርቆሮ ሚስማር ነው ብዬ ስንት ሚስማር ቀየርኩ መሰላችሁ። ውሃው በእንጨቱ ላይ ተጉዞ ነው እዛ የሚንጠባጠበው። ሲሊኮኑ በፀሃይ ደርቆ ከቆርቆሮው ተላቆ ነበር፣ ጣቴን ስሰድ እንደ ላስቲክ ተመዞ መጣ። ቆርቆሮ ቀን ይሰፋል ማታ ይኮማተራል፣ ሲሊኮን ብቻውን ያንን አይችልም።

አሁን ያለው እንዲህ ነው፣ ከቀዳዳው ዙሪያ ወደ ላይ የቆመ የእንጨት ክፈፍ አለ፣ ላሜራው በክፈፉ ላይ ወደ ላይ ተጣጥፎ ወደ ታች ደሞ ሽንሽኑ ላይ ሰፋ ብሎ ይወርዳል፣ የሽንሽኑ ጎድጓዳ ውስጥ ስፖንጅ አለ። የኩፖላው እግር እንደ ቀሚስ ከውጭ በኩል ያንን ይሸፍነዋል። ውሃ ሲሊኮን ቢኖርም ባይኖርም መግቢያ የለውም። ብሎን የምትመቱት ሽንሽኑ ከፍ ባለበት ላይ ነው፣ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ በፍጹም። ደሞ የእግሩን እንጨት ቆርቆሮው ላይ አታስተኙት፣ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ከፍ ይበል፣ የተቆረጠው ጠርዝ እርጥበት እንደ ስትሮው ነው የሚመጠው፣ የእኔ ከዛ ነው መበስበስ የጀመረው። ያንን ጠርዝ ከመሰቀሉ በፊት ሁለት ሶስት ጊዜ ቀለም አጠጡት፣ ከተሰቀለ በኋላ ብሩሽ አይገባም።

ጣራ ናፋቂ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ፣ ይሄን ያህል አልጠበቅኩም። ቤቱ በጎን በኩል 7 ሜትር ነው፣ እንዴት አወቅከው 😀 ተዳፋቱን ጋሼ እንዳሉት ለካሁ፣ በአንድ በኩል 40 በሌላው 41.5፣ ለየብቻ ለካ ባይሉኝ አልለካም ነበር። ስለ መዳቡና ስለ ፒቪሲው ግን ማንም አልነገረኝም።

ዝናብ ያስተማረኝ፦

ጣራህ በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ከሆነ መዳቡን እርሳው። ከመዳብ ላይ የሚወርደው የዝናብ ውሃ መዳብ ይዞ ስለሚወርድ ዚንኩን ይበላዋል፣ ከኩፖላው ስር ሁለት የዝገት መስመር እንደ እንባ ወርዶ ታያለህ። መዳብ የሚያምረው እንዲህ የማይጎዳ ጣራ ላይ ነው። ለኩፖላው ጣራ የቤቱን አይነት ቆርቆሮ ወይ ቀለም የተቀባ ላሜራ አድርግ። ፒቪሲ አይበሰብስም ቀለምም ብዙ አይፈልግም፣ ግን በሙቀት ስለሚሰፋ መገጣጠሚያው ላይ ቦታ መተው አለብህ፣ ጥቁር ቀለም ደሞ አትቀባው ይጣመማል። የጥድ እንጨት በመጋዝ ይታዘዛል፣ በየጥቂት ዓመቱ መሰላል ይዘህ ቀለም ልቀባ የምትል ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ።

ታሪክ ወዳድ፦

ሳላስቸግር አንድ ነገር፣ ኩፖላ ከላቲን የመጣ ቃል ነው፣ ትንሽ ጽዋ እንደማለት ነው፣ ተገልብጦ የተደፋ ጽዋ። ጆርጅ ዋሽንግተን ማውንት ቨርነን በሚባለው ቤቱ ላይ አንድ አለው፣ መስኮቶቹ ሲከፈቱ ሙቀቱን ከቤቱ ይስባል፣ ጫፉ ላይ ያለው ግን ዶሮ ሳይሆን እርግብ ነው፣ እርግቡን በ1787 እ.ኤ.አ. ነው ያሰራው። የሚገርመው የቤቱ ፊት መስኮቶች እኩል አልተቀመጡም፣ ኩፖላው መሃል ላይ ስለቆመ ነው ዓይን የማያስተውለው። ስለዚህ ወንድሜ ዶሮህን አድርግ ማንም አይስቅም።

ቱንቢ፦

ዶሮው ከመጣ አይቀር፣ የዶሮው ዘንግ በኩፖላው ጣራ ላይ ብቻ አይታሰርም፣ ነፋስ ሲመታው እንደ ዘነዘና ይነቀንቀዋል። ዘንጉ ወደ ውስጥ ዘልቆ ከታች አግድም በተመታ እንጨት ላይ ይያዛል። ኩፖላው ራሱም እንደዛው፣ ከክፈፉ ጋር በብሎን እሰረው፣ ክፈፉን ደሞ ከስር ካለው ሞራሌ፣ ቆርቆሮው ከተመታበት እንጨት፣ ጋር። ክብደቱ ይይዘዋል አትበል፣ ነፋስ ከስር ገብቶ ነው የሚያነሳው። ስትሰቅለው እግሩን፣ መሃሉንና ጣራውን ለሶስት ከፍለህ አውጣ፣ ሙሉውን ተሸክሞ መሰላል የሚወጣ ሰው ጤነኛ አይደለም። አንድ ሰው ከስር ይኑርህ።

ጣራ ናፋቂ፦

ዛሬ ካርቶኑን ሰቀልኩት። መጀመሪያ 90 አደረግኩ፣ ከመንገድ ማዶ ሆኜ ሳየው ጥሩ ነበር፣ ከግቢው ውስጥ ግን ትንሽ ከበደኝ፣ ዙሪያውን ቆርጬ 85 አደረግኩት። ባለቤቴ መጥታ ዝም ብላ ቆማ አየችውና አሁን ቤት መሰለ ብላ ገባች፣ ስለዚ 85 ነው። ጋሼ በ85 የቪው ጥልቀት በአንድ በኩል 17 በሌላው 17.6 መጣልኝ፣ ልክ ነው? እሰራዋለሁ ብዬ ወስኛለሁ፣ ከጥድ። አንድ የቀረኝ፣ ወንፊቱ ምን አይነት ይሁን? የወባ ትንኝ መከላከያውን ላድርግ?

ቱንቢ፦

ሂሳቡ ልክ ነው፣ 17.6ቱን ቆርጠህ ሌላውን 17 ላይ አቁም፣ ከፍ ዝቅ ካለ በቱንቢ አስተካክለህ ታስረዋለህ፣ ኩፖላ የሚቆመው በቱንቢ ነው፣ ኮልሞው ትንሽ ቢያጋድል እሱን አትከተል። ወንፊቱን የትንኝ አታድርግ፣ በአንድ ዓመት አቧራ ይደፍነዋል፣ አየሩ ይቆማል። 6 ሚሊ ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ወፍና የሌሊት ወፍ አያሳልፍም፣ ከሉቨሩ በስተውስጥ ምታው። ንብ ግን ያልፋል፣ አልደብቅህም፣ አንዴ አንድ ኩፖላ ከፍቼ ውስጡ ሙሉ እንጀራ ማር አግኝቻለሁ። ስለዚህ አንዱን የሉቨር ጎን በብሎን የሚፈታ አድርገህ ስራው፣ በዓመት አንዴ ከፍተህ እንድታየው።

ጣራ ናፋቂ፦

እሺ ጋሼ፣ ከግቢው በኩል ያለውን ጎን የሚፈታ አደርገዋለሁ። ስጨርስ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ከነዶሮው።